ጅራት ቆጣሪዎች ይክበሩልን

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ሆነን ጅማ መርካቶ አጠገብ ያለ አንድ ሥጋ ቤት ገባን። ሦስት ሆነንም ግማሽ ኪሎ ጥብስ አዘዝን። ዋጋውን ሁለቴ ጠየቅኩ፤ መጀመሪያ የነገረኝ የኪሎውን መስሎኝ ነበር። ማንጠልጠያው ላይ አንድ ታፋና ትንሽ ጎድን ተሰቅሏል፣ ሥጋ ቆራጩ ዝንቡን በቢላዋው ጀርባ እሽ ይላል። ጥብሱ እስኪደርስ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ጋሼ የሰፈራችን ጡረተኛ መምህር ናቸው፣ ስማቸውን ብጽፍ ይቀየሙኛል። "እኛ እኮ" አሉ፣ "በቀንድ ከብት ከአፍሪካ አንደኛ ነን!"

ጥብሱ መጣ። ሽንኩርቱ ከሥጋው ይበልጣል። ጋሼ በእንጀራ ጠቀለል አድርገው "70 ሚሊዮን!" እያሉ አጎረሱኝ። ሽንኩርት ነበር። ግን የ70 ሚሊዮን ከብት ባለቤት ሲያጎርስህ ሽንኩርቱም ጮማ ጮማ ይላል።

እኔ ይህን ልማዳችንን የማመሰግነው ከልቤ ነው። ሌላው ዓለም ከብቱን ያርዳል፣ ይሸጣል፣ ይበላል። እኛ እንቆጥራለን። ቆጥረን ስናበቃ ደግሞ እናወራዋለን፤ በስብሰባ መክፈቻ፣ በሬዲዮ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ሳይቀር። ጅማ ነውና አንዱ ሥጋ ቤት በሩ ላይ መስቀል ተስሏል፣ ሌላው ላይ ጨረቃ፤ የምንበላውም ለየብቻ ነው። "ከአፍሪካ አንደኛ" ሲባል ግን ሁለቱም ቤት እኩል ራሱን ይነቀንቃል። በሥጋው ባንገናኝ በቁጥሩ ተገናኝተናል። ቀላል አንድነት ነው እንዴ?

ቁጥሩ ደግሞ ውሸት አይደለም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት፣ 43 ሚሊዮን ገደማ በግ፣ ከ50 ሚሊዮን የሚበልጥ ፍየል አለን። ይሄ እንግዲህ ጠዋት ያለው ነው። ከሰዓት በርጫ ላይ፣ ምርቃናው ሲመጣ፣ ከብቱ ዓይንህ እያየ ይወልዳል። አሥር ሰዓት ሳይሞላ 100 ሚሊዮን የገባበትን ቀን አውቃለሁ። እንዲህ ያለ የርቢ ፍጥነት የትም አገር የለም፣ ኮርማ እንኳ አልተጠየቀም።

እስቲ ብራዚልን እዩዋት። በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ የከብት ሥጋ ትልካለች፣ ትልቋ ገዢዋ ቻይና ናት። እኛ ሁሉንም ሰብስበን የምንልከው በአሥር ሺዎች ቶን ቤት ነው፤ እሱም በብዛት ወደ ኤምሬትስና ሳዑዲ በአውሮፕላን የሚሄድ የበግና የፍየል ሥጋ እንጂ ያ የምንምልበት ሰንጋ አይደለም። አሳዘኑኝ ብራዚሎች። ሲጭኑ ውለው ሲጭኑ ያድራሉ፣ መቼ ተቀምጠው ያወሩታል?

ከሁሉ የባሰ አንጀቴን የሚበሉኝ ግን ኒውዚላንዶች ናቸው። በፈረንጆቹ 1882፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ሆነው ጅማን ሲገዙ፣ እነዚህ ሰዎች የማቀዝቀዣ ሞተር በተገጠመላት ዱኔዲን በምትባል ባለ ሸራ መርከብ የታረደ በግ ጭነው ለንደን ድረስ ላኩ። ወራት ፈጅቶ ሥጋው ሳይበላሽ ደረሰ። ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ የበጋቸው ቁጥር 70 ሚሊዮን ገባ። ልብ በሉ፣ የኛዋ ቁጥር ናት! እኛ ብንሆን እዚያችው ላይ ሐውልት አቁመን፣ ሪባን ቆርጠን፣ በየዓመቱ ቀኗን እያከበርን ዕድሜ ልካችንን እንኖርባት ነበር። እነሱ ምን አደረጉ? ቁጥሩን እየቀነሱ እየቀነሱ ወደ 25 ሚሊዮን አወረዱት። በጎን ደግሞ የአንዱን ጠቦት ክብደት እየጨመሩ መጡ። ዛሬም ከዓለም ዋና ዋና የበግ ሥጋ ላኪዎች መሃል ናቸው። ሥጋውን ይዘው ወሬውን አጡ። እስቲ በዚህ ቁጥር የትኛው ለቅሶ ቤት ነው ቀና ብለው የሚቀመጡት?

አሜሪካኖቹም አላወቁበትም። የራሳቸውን ምርጥ ብልትና ምላስ ለጃፓንና ለኮሪያ ይሸጣሉ፣ ለሃምበርገር የሚፈጭ ቀይ ሥጋ ደግሞ ከአውስትራሊያ ይገዛሉ። ሻጭም ገዢም እነሱ! በፈረንጆቹ 2003 መጨረሻ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ አንዲት ላም፣ አንዲት ብቻ፣ የእብድ ላም በሽታ ተገኘባትና ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ በቀናት ውስጥ በራቸውን ጠረቀሙባቸው። እኛ ከእንዲህ ያለ ስጋት ነፃ ነን። አፍተ ግር የሚሉት የአፍና የእግር በሽታ ስላለብን ሀብታሞቹ ገበያዎች መጀመሪያውኑ አልከፈቱልንም፤ ያልተከፈተ በር ደግሞ ማን ይዘጋብሃል? ሳዑዲ እንኳ በፈረንጆቹ 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሲነሳ ከአፍሪካ ቀንድ አገሮች ከብት አይገባም ስትል ቁጥራችን ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ሳይሸጥ ቀረ ማለት ተጨመረ ማለት ነው።

ቦትስዋና ከኛ እጅግ ያነሰ ከብት ይዛ፣ አጥር አጥራ፣ ለየከብቱ መለያ ሰጥታ ለአውሮፓ ትሸጣለች አሉ። ከብት መታወቂያ! እኛ ሰዎቹ ለቀበሌ መታወቂያ ስንት ቀን እንደምንመላለስ ሳያውቁ ነው።

የኛ በሬ መታወቂያ ባይኖረውም ክብር አለው። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ወደ አዲስ አበባ ሊጫን የቆመ አንድ ቀይ ሰንጋ አየሁ። ነጋዴው አሞሌ አስልሶት ነበር፣ ቀጥሎ ባልዲ ውሃ አቀረበለት። ሰንጋው አንዱን ባልዲ ጨረሰ፣ ሁለተኛውን ደገመ፣ ጎኑ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ነጋዴው ራቅ ብሎ አየውና በእጁ ቸብ ቸብ አድርጎት "አሁን በሬ ሆነ" አለ። ከዚያ አይሱዙ ላይ ወጣ፣ ከሌሎች ስድስት ጋር ቆሞ፣ ጊቤን ተሻግሮ ሄደ። ኒውዚላንዶች ክብደት ለመጨመር አሥርት ዓመታት ፈጀባቸው፤ እኛ ሁለት ባልዲ በቂያችን ነው። ወልቂጤ ሳይደርስ ግማሹ ክብደት መንገድ ላይ መፍሰሱን የሚያውቀው አይሱዙውን የሚያጥበው ልጅ ብቻ ነው።

ወደ ውጭ የሚሄደው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የደጋ በግ ሥጋው ቶሎ ይጠቁራል ተብሎ እነ ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች የቆላውን ይመርጣሉ። የቆላው ደግሞ ብዙው በሌሊት በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ሄዷል። ስለዚህ ቄራዎቹ ከአቅማቸው በታች ይሠራሉ። ኮንትሮባንድ ይሉታል፣ እኔ ቱሪዝም ብለው ይሻለኛል። ከብቶቻችን ያለ ፓስፖርት ዓለም እያዩ ነው፤ እኛም ወጡ ብለን ከቁጥር አንሰርዛቸውም፣ ዳያስፖራ ናቸው።

ከሥጋ ቤቱ ስንወጣ ጋሼ ሱቅ ጎራ አሉ። ለልጅ ልጃቸው የዱቄት ወተት ሊገዙ። መነጽራቸውን አወጡ፣ ቆርቆሮውን ገልብጠው የተመረተበትን አገር አነበቡ። ባሕር ማዶ ነው። እኔም ምላሴ አላርፍ አለኝና "ጋሼ፣ የቅድሙ 70 ሚሊዮንስ?" አልኳቸው።

"እሱ የአገር ነው፣ ይሄ የልጅ ነው" አሉኝ። መልሱን ወድጄዋለሁ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ሲባል ለሽሙጥ የተባለ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መመሪያ ኖሯል።

መንገድ ላይ ኪሳቸው ገብተው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የመስቀል ቅርጫ ዝርዝር ነው። አምና ስምንት ሆነው ነበር አንድ በሬ የጣሉት፣ ዘንድሮ በሬው ስለተወደደ አሥራ ስድስት ካልሆኑ አይቻልም። በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ። አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው የተመዘገበው። እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘዙና ቀና ብለው አዩኝ።

"ከብቱ እንደሆነ ሞልቷል" አሉ፣ "የጎደለን ሰው ነው። አንተን ልጻፍህ?"