ማስተካከያ፦ ልዕልት ፀሐይ ያረፉት በ1934 ዓ.ም. ነው

ስለ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ባቀረብነው የመታሰቢያ ጽሑፍ ላይ «በ1942 ዓ.ም. አረፉ» ብለናል፤ ስህተት ነው። 1942 የፈረንጆቹ ዓመት ሲሆን፣ «ዓ.ም.» የሚለውን ያለ ቦታው ጨምረንበታል። ልዕልቲቱ ያረፉት ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በለቀምት (ነቀምት)፣ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ነው።

ስምንት ዓመት ቀላል ልዩነት አይደለም። የተወለዱት በ1912 ዓ.ም. ስለሆነ በጻፍነው ስሌት 30 ዓመት ሊሞላቸው ነው። የኖሩት ግን 22 ዓመት ብቻ ነው። ከታች የምናነሳውን ሁሉ በዚያ ዕድሜ መሥራታቸው ነው የሚያስገርመው፣ የሚያሳዝነውም።

ሌላም እርማት አለ። «በስማቸው የሚጠራውን ሆስፒታል አቋቋሙ» ማለታችን ልክ አይደለም። ሆስፒታሉ ካረፉ በኋላ ለመታሰቢያቸው የተሠራ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ በማሰባሰብ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ብዙ ደክመውበታል። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እሱ ነው።

ልዕልቲቱ የሠሩት ሌላ ነው። በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው፣ አገራቸው በተወረረችበት ወቅት፣ የነርስ ሽርጥ ታጥቀው የሰው አገር ሕፃናትን አስታመሙ። ከድል በኋላም ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል ሕሙማንን አገልግለዋል። ደሴን በመጀመሪያው ጽሑፍ ጨርሶ አለማንሳታችን ከሁሉም በላይ ይቆጨናል። አንባቢዎቻችንን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።