ፖከር የችሎታ ጨዋታ ነው፤ ለጀማሪ አደጋው እሱ ነው

እ.ኤ.አ. በ2012 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ «ፖከርን ከዕድል ይልቅ ችሎታ ይወስነዋል» ብለው ነበር። በዓመቱ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔያቸውን ሻረው። ክርክሩ ግን አላበቃም። ፖከር ወዳዶች ዛሬም «ቁማር አይደለም፣ ችሎታ ነው» ይላሉ።

ችሎታ መሆኑን እኔም አምናለሁ። የማልቀበለው «ስለዚህ ማንም ቢሞክረው አይጎዳም» የሚለውን ነው።

ዕድልም ድርሻ አለው፤ ትንሽም አይደለም። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ዓይነት ለእያንዳንዱ ተጫዋች 2 ካርታ ይታደላል፤ 5 ደግሞ ለሁሉም መሀል ላይ ይገለጣል። ሲጀመር ከሁለት አስ የሚበልጥ እጅ የለም። ሆኖም ሁለት አስ የያዘ ሰው ሁለት ንጉሥ ከያዘ ጋር ያለውን ሁሉ አስይዞ ቢገጥም፣ ከ5 ጊዜ አንዱን ያህል ይሸነፋል። ያጠፋው ነገር ሳይኖር! በአንድ ምሽት ጀማሪ አዋቂውን አራግፎት ቢነሳ የሚገርም አይደለም።

ችሎታው ያለው ውሳኔው ላይ ነው። መሀል ላይ 100 ዶላር ተከምሯል እንበል። ተጋጣሚ የቀረችውን 50 ጨመረ። አንድ ካርታ ብቻ ነው የሚቀረው። የኛ ሰው ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው 4 ካርታዎች አሉት፤ አምስተኛው ከመጣለት ያሸንፋል። ያላያቸው ካርታዎች 46 ናቸው፤ የሚጠቅሙት 9 ብቻ። ከ5 አንድ እንኳ አይሞላም። 50 ከፍሎ 150 ለማግኘት ግን ቢያንስ ከ4 አንድ ያስፈልገዋል። አዋቂው ካርታውን ይጥላል። ጀማሪው ይከፍላል። አንዳንዴ ታዲያ የፈለጋት ካርታ ዱብ ትላለች፤ ብሩን ጠቅልሎ ይወስዳል፤ «ለካ ጎበዝ ነኝ» ይላል። እኔ ከሽንፈቱ ይልቅ የምፈራለት ይህችን ድል ነው። ያልተማረውን የተማረ ይመስለዋልና።

ዙሩ ሲበዛ ግን ዕድል እየተቻቻለ ይሄዳል፤ ጥሩውም መጥፎውም ካርታ ለሁሉም ይደርሳል። በ2017 ሊብራተስ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከ4 ስመ ጥር ተጫዋቾች ጋር 120,000 ዙር ተጫውቶ በሰፊ ልዩነት አሸነፋቸው። ያን ያህል ዙር በዕድል ብቻ አይበላም።

ብዙዎች የሚያስታውሱት ግን ክሪስ መኒሜከርን ነው። የሂሳብ ሠራተኛ (አካውንታንት) ነበር። በ86 ዶላር የኢንተርኔት ማጣሪያ ገብቶ በ2003 የዓለም ፖከር ውድድርን አሸነፈ፤ 2.5 ሚሊዮን ዶላርም ወሰደ። ታሪኩ እውነት ነው፣ ልብም ይሰቅላል። በዚያ ውድድር ግን 839 ሰዎች ነበሩ። ስለቀሩት 838 ሰዎች የሚያወራ ብዙ የለም።

ጀማሪ በሎተሪ ከማንም እኩል ነው። ፖከር ላይ ግን ከእሱ የሚሻል ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፤ አጫዋቹ ቤትም ከብዙው ዙር ድርሻውን ይቆርጣል። ጨዋታው የችሎታ ነው በተባለ ቁጥር ጀማሪው የባሰ ከሳሪ ነው ማለት ነው። ማስታወቂያው ይህን አይነግረውም።

የኢንተርኔት ፖከር የሚያጫውቱ ድርጅቶች የእያንዳንዱን ደንበኛ ትርፍና ኪሳራ መዝግበው ይይዛሉ። «የችሎታ ጨዋታ» ብለው ሰው የሚጠሩ ከሆነ፣ ከደንበኞቻቸው ስንቱ አትራፊ እንደሆነ መመዝገቢያው ገጽ ላይ፣ ገንዘብ ከማስገባቱ በፊት ያሳዩት።