የሙታናችንን ስም ለበቀል አንጥራ

ወገኖቼ፣ በሰሜኑ ጦርነት ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ስንቱ ቤት አስከሬን ሳያይ ድንኳን ጣለ! የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም በሌላ በሌላ ግንባር የሚወድቀው ወጣት አላባራም። ዛሬም በር በተንኳኳ ቁጥር «እሱ ይሆን?» ብላ ከመደቧ የምትነሣ እናት አለች። ክርስቲያን ነን የምንል ሁሉ፣ ለእሷ ስንል የጦርነት ሙታናችንን የምናስብበትን መንገድ እናርም።

ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ፣ በምዕራፍ 4 ቁጥር 13፣ «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ይላል። አታልቅሱ ግን አላለም። ጌታ ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ እንባውን አፍስሷል። ልጇን ያጣችን እናት «ክርስቲያን አይደለሽም ወይ? ምን ያስለቅስሻል?» እያላችሁ አፏን የምትይዙ ሰዎች፣ ተዉ። እንባዋ የእምነት ጉድለት አይደለም። ፊት መንጨትና ደረት እስኪደማ መድቃት ግን ሌላ ነው፤ ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መንጨት በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 ተከልክሏል።

ከሁሉ ይልቅ የበደልነው በመርዶ ላይ ነው። መርዶ ሥርዓት ነበረው። ነጋሪዎቹ ጎህ ሳይቀድ ይሰባሰባሉ፤ አንድ የሚከበር ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት፣ እናትየዋን ደግፋ የምትይዝ ጎረቤት ይኖራሉ። ከቤቱ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ ማን የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም እንዳለበት አስቀድሞ ይጠየቃል። ዛሬ ጓደኛው የወደቀበት ልጅ በዚያው ምሽት ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ እናት ብቻ አታውቅም። ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሰዎች ወሬያቸውን ሲያቋርጡና ዓይናቸውን ሲሰብሩ አይታ ትረዳዋለች። ይህን የሚያህል ጭካኔ በ«ነፍስ ይማር» ቃል ተጠቅልሎ ሲመጣ ያማል። ቤተሰቡ ሳይረዳ ስምም ፎቶም አትልቀቁ።

ደግሞም ወሬ ሁሉ መርዶ አይደለም። የስም መመሳሰል አለ፤ የተማረከም የቆሰለም «ሞተ» ተብሎ ይወራል፤ ተዝካሩ ከወጣ በኋላ በእግሩ የመጣ ሰው በየጦርነቱ ታይቷል። ስለዚህ ከመንገራችሁ በፊት ማን በዓይኑ እንዳየ፣ የትና መቼ እንዳየ ጠይቁ፤ አንዱ የተናገረውን ከሌላው ጋር አመሳክሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል። ስትሄዱ ሙሉ ስሙን እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታውንና ዘመኑን፣ መጨረሻ የተሰማበትን ቦታና ቀን ጽፋችሁ ያዙ። «ልጄ ጠፋብኝ» ብቻ ብሎ መሄድ ለሚፈልገው ሰው መነሻ አይሰጠውም።

መርዶው ከተረጋገጠ በኋላ ብዙዎች የሚቸገሩት በቀን ቆጠራ ነው። የሞተበት ቀን ከታወቀ ያው ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ጥቅምት 10 ያረፈ ሰው አርባው ኅዳር 19፣ ሰማንያው ታኅሣሥ 29 ይውላል። ጳጉሜን በመሐል ከገባች አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀን ይቆጠራሉ፤ እሷን ዘሎ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው። ግን የጦርነት ሟች ቀኑ ስንቴ ይታወቃል? በትግራይ ጥቅምት 2016 የሦስት ቀን ሐዘን ሲታወጅ፣ ልጆቹ ከወደቁ ዓመት ያለፋቸው ብዙ ቤተሰቦች ሞቱን የተረዱት ገና በዚያ ሰሞን ነበር። እንዲህ ሲሆን መርዶው ከተሰማበት ቀን መቁጠር አለ። «አርባው አለፈው፣ ነፍሱ ያለ ጸሎት ቀረች» ብላችሁ አትሰቀቁ፤ የእግዚአብሔር ምሕረት በእኛ ቆጠራ አይታሰርም። አስከሬን የለም ተብሎም ጸሎት አይቀርም። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጉ። ካህኑ በፍትሐት የሚያነሣው የክርስትና ስሙን ነው። ግንባር አብሮት የነበረ ጓደኛ ይህን ስም አያውቀውም፤ መታወቂያው ላይም የለም፤ ብዙ ጊዜ የምታውቀው እናት ብቻ ናት፣ እሷም ታረጃለች። የጥምቀት ምስክር ወረቀት ካለ ፈልጉት፤ ከሌለ የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ በወረቀት ላይ አስፍሩት። ለሙታን ጸሎት የማያደርሱ ወንጌላውያን ወገኖቻችንም ቢሆኑ በትንሣኤ ተስፋ አንድ ነን፤ በልቅሶ ቤት ስለዚህ ጉዳይ ክርክር አትክፈቱ።

ስለ ተዝካር አጭር ቃል። ተዝካር ማለት መታሰቢያ ማለት ነው። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ በሬውን ሽጦ፣ አራጣ ተበድሮ ድግስ መደገስ ሟቹን አይረዳውም፤ የቀሩት ልጆች ከትምህርት ቤት ይወጣሉ። ጸሎቱ ይድረስ፣ አቅም የፈቀደውን ያህል ነዳያን ይብሉ፤ ይበቃል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። በልቅሶው ላይ ሙሾው ወደ ፉከራ ሲዞር እናያለን። «ደሙን ማን ይመልሳል?» ይባላል፤ የአሥራ አራት ዓመት ታናሽ ወንድም ጥግ ተቀምጦ ይሰማል። ለሟች የተጣለው ድንኳን ለሚቀጥለው ሟች መመልመያ ሆነ ማለት ነው። አባቶች «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ለዚህ ነው። የወደቀውን የጠላት ወገን ቪዲዮ እየተቀባበላችሁ የምትስቁም፣ መጽሐፈ ምሳሌ 24፥17 «ጠላትህ ቢወድቅ ደስ አይበልህ» ያለው ለእናንተ ነው። ያ በቪዲዮው ላይ በግንባሩ የተደፋ ልጅ አንገቱ ላይ ማዕተብ አለው፤ ያሰረለት ካህን፣ ያቀፈው የክርስትና አባት አለው።

በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21 የተጻፈችውን የንጉሥ ሳኦልን ቁባት ሪጽፋን አስቧት። የሳኦል ቤት ሰባት ወንዶች ተሰቅለው ያለ ቀብር ቀሩ። እሷ ማቅ ወስዳ በዐለቱ ላይ ዘርግታ፣ ከመከር መጀመሪያ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ፣ ቀን ወፎችን ሌሊት አራዊትን እየከለከለች ጠበቀቻቸው። ከሰባቱ የወለደቻቸው ሁለቱን ብቻ ነበር፤ አምስቱ የሌላ እናት ልጆች ናቸው። አሞራውን ግን ከሁለቱ ላይ አባርራ ወደ አምስቱ አልለቀቀችውም። ዳዊት ይህን ሲሰማ ተነሣ፤ የሳኦልንና የዮናታንን ዐፅም ከኢያቢስ ገለዓድ አስመጣ፣ የተሰቀሉትንም ሰዎች ዐፅም አሰበሰበ፤ እንዲቀበሩም ሆነ። በአገሩ ላይ ሦስት ዓመት የቆየ ረኃብ ነበር፤ መጽሐፉ እግዚአብሔር ስለ አገሪቱ የተለመነውን የሰማው ከዚህ ቀብር በኋላ እንደሆነ ይናገራል።

ሪጽፋ የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቀችም። በየሜዳው፣ በየገደሉ የቀረ ዐፅም ስታገኙ የየትኛው ወገን እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት አፈር አልብሱት፤ ቦታውን ምልክት አድርጉበት፣ አጠገቡ የተገኘውን ማዕተብ፣ ቀለበት፣ የኪስ ወረቀት በአንድ ላይ ቋጥራችሁ ለደብሩ ወይም ለቀበሌው አስረክቡ። ከእነዚያ ነገሮች አንዱ ከበር ድምፅ ጋር የምትነሣውን እናት ሊያሳርፍ ይችላል። በሚቀጥለው ሙት ዓመት ደግሞ የልጃችሁን የክርስትና ስም ለካህኑ ስትሰጡ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «በዚያው ውጊያ በወዲያኛው በኩል ለወደቁት»። ስማቸውን ባታውቁት ካህኑ ይገባዋል።