ማስተካከያ፦ ነቅቶ ወደ ሕልም ስለ መግባት

ሕልም መሆኑን እያወቁ ስለ ማለም ቀደም ሲል በጻፍሁት ላይ አንባቢን የሚያሳስት ስሕተት አለ። ነቅቶ ወደ ሕልም የመግባቱን ዘዴ «ማታ አልጋ ላይ እንደ ወጣችሁ ሞክሩት» ብዬ ነበር። ትክክል አይደለም። በሌሊቱ መጀመሪያ የሚበዛው ጥልቅ እንቅልፍ ነው፤ ዓይን ከሽፋኑ ሥር የሚርገበገብበትና ሕልም የሚደምቅበት ክፍል በግምት በየ90 ደቂቃው እየተመላለሰ የሚረዝመው ወደ ንጋት ነው። ስለዚህ ዘዴው የሚሞከረው 5 ሰዓት ያህል ከተኙ በኋላ ነው፦ ተነሥቶ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መቆየት፣ ተመልሶ መጋደም፣ ሰውነትን አላልቶ በልብ እየቆጠሩ፣ ብቅ የሚሉትን ቀለማትና ምስሎች ሳያሳድዱ መመልከት። ምክሬን ሰምተው እንቅልፍ ያጡትን ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚህ የሚከፋው ግን ሰውነት ሲደነዝዝ «እስትንፋስ ይቆማል» ማለቴ ነው። አይቆምም! ዱካክ በምንለው ሁኔታ ጡንቻዎቻችን ሕልማችንን በአካል እንዳንፈጽም ለጊዜው ይታሰራሉ፤ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ግን ሥራውን አያቋርጥም። ደረት ላይ አንዳች ነገር የተጫነ ቢመስልም በራሱ ያልፋል። ዱካክ አዘውትሮ የሚያስጨንቀው፣ ወይም እውኑን ከቅዠቱ መለየት የሚያስቸግር ሕመም ያለበት ሰው ልምምዱን ባይጀምረው እመክራለሁ።

ሰው ሕልም መሆኑን እያወቀ ማለም እንደሚችል የሚያሳየውን የመጀመሪያ የቤተ ሙከራ ማስረጃም ለስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ለስቲቨን ላበርጅ ሰጥቼ ነበር። ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1975 ተመራማሪው ኪት ሂርን በእንግሊዝ ሀል ዩኒቨርሲቲ የመዘገበው ነው፤ አላሚው አለን ዎርስሊ ተኝቶ ሳለ አስቀድመው በተስማሙበት የዓይን እንቅስቃሴ ምልክት ሰጥቷል።