ምጣዱን ተዉት፣ ጉባኤው ላይ ተገኙ

ከዋሽንግተን ወጣ ብለው ማናሳስና ዉድብሪጅ አካባቢ፣ በአትላንታ ዙሪያ ስኔልቪልና ሎረንስቪል፣ በሚኒሶታ አፕል ቫሊ፣ በኮሎራዶ ፓርከር ቤት ከገዙት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በየወሩ የሚከፍሉት የመብራት ሂሳብ ወደ አንድ ባለሀብት ኩባንያ የሚሄድ ይመስላቸዋል። በእነዚህ አካባቢዎች ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍሉት መካከል ግን ኖቬክ፣ ዋልተን ኢኤምሲ፣ ጃክሰን ኢኤምሲ፣ ዳኮታ ኤሌክትሪክና ኮር ኤሌክትሪክ ይገኙበታል። አምስቱም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ሂሳቡ በስሙ የተከፈተ ሰው ሁሉ አባል ነው፤ አባል ማለት ደግሞ ባለቤት ማለት ነው። ቦርድ ይመርጣል፣ ጉባኤ ላይ ይናገራል፣ ከወጪ ቀሪ ከሆነው ገንዘብም ድርሻ አለው።

ይህን አለማወቃችን አይገርምም። አገር ቤት መብራት የመንግሥት ነው። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሁለት ተከፍሎ ስሙም ተቀይሯል፤ ሰው ግን ዛሬም «መብራት ኃይል» ነው የሚለው። ሲጠፋ እናማርራለን፣ ሲመጣ እንደሰታለን፣ ከዚያ ያለፈ ጉዳይ የለንም። ያንኑ ልማድ ይዘን አሜሪካ ገባን። የቦርድ ምርጫ ወረቀት በፖስታ ሲመጣ ከፒዛ ማስታወቂያው ጋር አብሮ ይጣላል።

ማኅበራቱ የተፈጠሩት በችግር ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ከተሞች ከ10 ቤት 9ኙ መብራት ሲኖረው፣ በገጠር ግን ከ10 የገበሬ ቤት የነበረው አንዱ ብቻ ነበር። የግል ኩባንያዎች ቤቶቹ ተራርቀው ወደሚገኙበት ገጠር መስመር መዘርጋት አያዋጣንም ብለው ተዉት። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በግንቦት 1935 የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን አቋቋሙ፤ በዓመቱም ሕጉ ጸደቀ። ገበሬው ጥቂት ዶላር እያዋጣ ተደራጀ፣ ከመንግሥት በአነስተኛ ወለድ ተበደረ፣ ምሰሶውን አቆመ። ዛሬ 900 ገደማ ማኅበራት 42 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ኤሌክትሪክ ያቀርባሉ፤ መስመራቸውም ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት ከግማሽ በላዩን ይሸፍናል። ያኔ የእርሻ መሬት የነበረው ዛሬ የእኛ ሰፈር ሆኗል። የእድር ድንኳንና ብረት ድስት የአባላቱ እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም ምሰሶውና ትራንስፎርመሩ የአባላቱ ንብረት ነው።

ማኅበራቱ በብዛት የሚታወቁት በበጎ ሥራቸው ነው፤ መታወቃቸውም ተገቢ ነው። በሳውዝ ካሮላይና ፓልሜቶ የተባለው ማኅበር በ1989 አንድ ቀላል ዘዴ ጀመረ። የአባሉ ሂሳብ 86 ዶላር ከ23 ሳንቲም ከሆነ 87 ዶላር ይደረግና 77 ሳንቲሙ ለችግረኛ ይውላል። በዓመት ከአንድ ቤት ቢበዛ 11 ዶላር ከ88 ሳንቲም ነው። ዘዴው ወደ ብዙ ማኅበራት ተዛምቷል፤ ጣሪያው ያፈሰሰበት ይታደስለታል፣ የሕክምና ዕዳ ያጎበጠው ይረዳበታል። ከ1964 ጀምሮ ደግሞ ማኅበራቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በየበጋው ዋሽንግተን እየወሰዱ ያስጎበኛሉ። ብዙዎቹም ለአባላት ልጆች የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ወላጆቻችን ለልጆቻቸው ስኮላርሺፕ የማይጠይቁበት ቦታ የለም፤ በየወሩ የሚከፍሉትን ድርጅት ግን ማን ጠይቆ ያውቃል?

እኔን የሚከነክነኝ ከበጎ ሥራው ጎን የሚመጣው የቁጠባ ምክር ነው። ቻርጀር ንቀሉ፣ ከክፍል ስትወጡ መብራት አጥፉ፣ አምፖሉን በኤልኢዲ ቀይሩ። የመጨረሻው እውነትም ይጠቅማል፤ ኤልኢዲ ከድሮው አምፖል ቢያንስ 75 በመቶ ያነሰ ኃይል ነው የሚወስደው። የቀረው ግን ፍርፋሪ ነው። የአሜሪካ ቤት ከሚጠቀመው ኃይል ግማሽ ያህሉ ቤቱን ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ ይውላል። ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ማሞቂያው ነው። ገንዘቡ የሚሾልከው በአቲኩ (ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍት ቦታ)፣ በበርና መስኮቱ ክፍተት፣ በተቀደደው የአየር ቱቦ ነው።

እኛ ቤት ደግሞ ሂሳቡ ሲንር መጀመሪያ የሚከሰሰው ምጣድ ነው። እስቲ እናስላው። እዚህ አገር ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ምጣድ 1,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢጋገርበት 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ እንዲያውም ከዚያ ያንሳል። ኪሎዋት ሰዓቱ 15 ሳንቲም ቢሆን 45 ሳንቲም ይመጣል። በወር ሁለቴ ቢጋገር አንድ ዶላር አይሞላም። አንድ የአሜሪካ ቤት በአማካይ በወር 900 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠቀማል፤ የምጣዱ ድርሻ ከዚያ ውስጥ 6ቱ ነው። የሚጋግሩትን እናቶች በከንቱ አናሳቅቅ።

ምጣዱ ላይ የሚነሳ ጥያቄ ካለ የሰዓቱ ነው። አብዛኞቹ ማኅበራት ኃይል የሚገዙት ከጅምላ አቅራቢ ነው፤ የጅምላው ዋጋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፍላጎቱ ጣሪያ የሚነካበትን ሰዓት እያየ ይሰላል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ወደ ማምሻው፣ በክረምት ብርድ ማለዳ ማለት ነው። ማኅበሩ «በዚህ ሰዓት ቀንሱልን» የሚል መልእክት ሲልክ ቀልዱን አይደለም፤ በዚያች አንድ ሰዓት ፍጆታው ከናረ ወጪው ተመልሶ ሁላችንም ላይ ይጫናል። ይህን ከሁሉ በተሻለ የተረዱት በሚኒሶታ ያሉት ይመስለኛል። ዳኮታ ኤሌክትሪክ አባል የሆነበት የጅምላ ኃይል አቅራቢ፣ ግሬት ሪቨር ኢነርጂ፣ በአባላቱ ቤት ያሉ ትልልቅ ውሃ ማሞቂያዎችን ኃይል በሚረክስበት ሌሊት እያሞቀ፣ ቀን ባለቤቶቹ በዚያው ውሃ እንዲጠቀሙ ያደርጋል። ማሞቂያችሁ ከእንዲህ ያለ ፕሮግራም ውጭ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን 120 ፋራናይት ላይ አድርጉት፤ ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል።

አቲክ ማሸግ፣ ቱቦ ማስጠገን፣ አሮጌውን የቤት ማሞቂያ በሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከውጭ አየር ስቦ በሚያስገባ መሣሪያ) መቀየር ግን ሺዎች ዶላር ይጠይቃል። ይህን ከኪሱ የሚያወጣ ስንቱ ነው? እዚህ ላይ ነው ጥሩ ማኅበርና ምክር ብቻ የሚያድል ማኅበር የሚለዩት። በሳውዝ ካሮላይና ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ 125 ቤቶች በማኅበራቱ ብድር ታድሰው ነበር። የቤቶቹ የኃይል ፍጆታ በአማካይ በ34 በመቶ ቀነሰ፤ ብድሩንም ከመብራት ሂሳቡ ጋር አብረው ከፈሉ። በሰሜን ምሥራቅ ኖርዝ ካሮላይና ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን በሚኖሩበት ገጠር የሚሠራው ሮአኖክ የተባለ ማኅበር ደግሞ ከዚህም አልፎ ሄደ። ወጪውን ማኅበሩ ይሸፍናል፤ አባሉ ከሚቆጥበው በታች የሆነ ገንዘብ በየወሩ ሂሳቡ ላይ ይከፍላል፤ ክፍያው ከቆጣሪው ጋር እንጂ ከሰውዬው ጋር ስላልተሳሰረ ቤቱን ሲለቅ ዕዳ ተከትሎት አይሄድም። የክሬዲት ነጥብ አይጠየቅም። ያን ጊዜ ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት ከርቲስ ዊን በ2019 የአገር አቀፉ የገጠር ኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ቦርድ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆኑ።

እንዲህ ያለው ፕሮግራም በአንዱ ማኅበር ኖሮ በሌላው የማይኖረው ለምንድን ነው? ቦርዱ ስለወሰነ ወይም ስላልወሰነ ነው። በየወሩ ኃይል ተጠቀምንም አልተጠቀምንም የምንከፍለውን ቋሚ ክፍያ ከፍ የሚያደርገውም አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ ነው፤ ቋሚው ክፍያ ባበጠ ቁጥር ቆጥቦ የሚገኘው ጥቅም ይሳሳል። መብራት አጥፉ እያለ ቋሚ ክፍያ የሚጨምር ማኅበር ምክሩን ራሱ እያፈረሰው ነው።

ቦርዱን ደግሞ የሚመርጠው ጥቂት ሰው ነው። ኢንስቲትዩት ፎር ሎካል ሰልፍ-ሪላያንስ ያወጣው ጥናት ከ70 በመቶ በላይ በሚሆኑት ማኅበራት ለምርጫ የሚወጣው አባል ከ10 በመቶ በታች መሆኑን አሳይቷል። አባል ዞር ብሎ ሳያይ ሲቀር ምን እንደሚከተል በቴክሳስ ፔደርናሌስ ታይቷል። ከአገሪቱ ትልቁ የሆነው ይህ ማኅበር ለዓመታት በተዘጋ በር ሲመራ ቆይቶ፣ በ2007 አባላት ከሰሱት፤ የኃላፊዎቹ የቅንጦት ወጪ አደባባይ ወጣ፤ አመራሩም ተቀየረ፣ ምርጫውም ለአባላት ክፍት ሆነ። ከሳሾቹ ተራ ሂሳብ ከፋዮች ነበሩ።

ቤት ለሚቀይሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛ ደግሞ እንቀይራለን። ማኅበሩ በዓመቱ መጨረሻ ከወጪው የተረፈውን በእያንዳንዱ አባል ስም ይመዘግባል፤ የሚከፍለው ግን ወዲያው አይደለም፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። አድራሻ ሳይተዉ የሄዱ ሰዎች ገንዘብ ተቀባይ አጥቶ ይቀመጣል፤ ብዙ ማኅበራትም የእነዚህን ሰዎች ስም ዝርዝር ያወጣሉ። ከአምስት ዓመት በፊት ሎረንስቪል ተከራይታችሁ ከነበረና ሂሳቡ በስማችሁ ከነበረ ደውላችሁ ጠይቁ።

ሂሳባችሁ ላይ ያለውን የድርጅቱን ስም እዩት፤ «ኮኦፐሬቲቭ»፣ «ኢኤምሲ» ወይም «ኤሌክትሪክ አሶሲዬሽን» የሚል ካለበት ጠቅላላ ጉባኤው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ስትገኙ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ቤት ለማደስ በሂሳባችን የሚከፈል ብድር ለምን የለንም? ቋሚው ክፍያ ባለፉት ዓመታት ስንት ነበር፣ አሁንስ ስንት ነው? መልሱ ካላረካችሁ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አውጡ። በብዙዎቹ ደንቦች ላይ የተወሰነ የአባላት ፊርማ ያሰባሰበ አባል ለቦርድ መወዳደር ይችላል፤ በማናሳስና በስኔልቪል ቤተክርስቲያኖችና መስጊዶች ደጅ ያን ፊርማ ለማሰባሰብ አንድ ቅዳሜና እሑድ የሚበቃ ይመስለኛል።