ለክቡር የምግብ ቀለም አናቶ፣ ባሉበት (የሌሉበትም የለም)

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ቆዳችን የማይወድዎ የአሜሪካ ሐበሾች፣ እያከክንም ቢሆን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ያስጻፈን የሰሞኑ የክሊኒክ ፎርም ነው። «የምግብ አለርጂ አለብዎት?» ይልና ዘጠኝ ሳጥን ይደረድራል፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕና ዘመዶቹ፣ ኦቾሎኒ፣ ዋልነትና መሰሎቹ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፤ ሰሊጥ እንኳ በ2023 ገብቶበታል። እርስዎ የሉም። «ሌላ» የሚለው መስመር ላይ ስምዎን ጨምቀን ጻፍን። ተቀባይዋ አየችውና «የመድኃኒት ስም ነው?» አለች። የለም፣ ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ የምግብ ቀለም ነው። «እንዴ፣ የተፈጥሮ ከሆነማ ምን ያደርጋል?» ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየን። ኮምፒውተሩም ከዘጠኙ ውጪ አልቀበል ብሎ ኖሮ «አለርጂ የለም» ተብለን ተመዘገብን።

የተፈጥሮ! ሳማም የተፈጥሮ ነው! አንተ እኮ ጠዋት በሲሪያል ገብተህ ማታ የምታሳብጥ ነህ፤ ሰው ሽፍታውን ሲያይ የራት ሽሮውን ይወነጅላል። አንዳንዱን ከንፈሩንና ጉሮሮውን ትይዘዋለህ፤ ያኔ ፎርም ሳይሆን 911 ነው።

ይቅርታ፣ እርስዎ።

ቅቤውንስ ምን እናድርገው? ሕጉ ቅቤ፣ ቺዝና አይስክሬም ቀለም እንደተጨመረባቸው እንዲናገሩ አያስገድድም። ጨው የሌለበትን ገዝተን፣ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥረን፣ አረፋውን ገፈን ብናጠልም እርስዎ ንቅንቅ የለም፤ ቢክሲን የሚባለው ቀለምዎ በስብ ስለሚሟሟ ከንጥሩ ጋር ይቀራል። ቢጫነቱን አይተን እንዳንጠረጥር ደግሞ እርድ ጨምረንበታል። ውሃ ወዳዱ ወንድምዎ ኖርቢክሲን በበኩሉ የቸዳር ቺዝ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ይኖራል።

ምርመራዎም አያልቅም። ለኦቾሎኒ የተዘጋጀ የቆዳ ምርመራ አለ፤ ለእርስዎ ግን ሐኪሙ መደርደሪያ ላይ የሚያነሳው የለም። ስለዚህ ከ2 እስከ 4 ሳምንት እርስዎ ያሉበትን ሁሉ ማቆም፣ የበሉትንና ሽፍታው የወጣበትን ሰዓት መጻፍ፣ ከዚያ ሐኪም ባለበት ትንሽ ቀምሶ መጠበቅ ነው። የአለርጂ ክኒን በመሃል ከተዋጠ ሽፍታውን አፍኖ ልፋቱን መና ያስቀረዋል።

በኤፕሪል 2025 መንግሥት ከነዳጅ የሚሠሩ ቀለሞች ከምግብ ይውጡ ሲል፣ ወንበሩን እነማን እንደሚወርሱት ገብቶናል። እንኳን ደስ ያለዎት።

ነጩን ቸዳር ስላልነኩልን እናመሰግናለን፤ አይስክሬሙን ግን በነካ እጅዎ ቢተዉልን።

ከማክበርና ከማከክ ጋር፣
«አለርጂ የለም» ተብለን የተመዘገብነው