ልጁ «ፋይናንስ» ሲል ምን ማለቱ ነበር?

ክርክሩን ያስነሳብን የአንዷ ወዳጃችን ታናሽ ወንድም ነው። ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጹን ይዞ መጣና «ፋይናንስ ዘርፍ ነው መሥራት የምፈልገው፤ ምን ልማር?» አለን። ጥያቄው ቀላል ነበር። ያከበድነው እኛ ነን።

ከመካከላችን ኦዲተር የሆነው ጓደኛችን ማንንም አላስቀደመም። «አካውንቲንግ ነዋ! ይሄ ደግሞ ምን ያጠያይቃል?» አለ። «ባንክ ግባ፣ ኢንሹራንስ ግባ፣ የአክሲዮን ተንታኝ ሁን፣ የሒሳብ መግለጫ ካላነበብክ ምኑን ሠራህ? ድርጅት አትርፎም ደመወዝ መክፈል ሊያቅተው ይችላል። በዱቤ የሸጠውን ገቢ ብሎ መዝግቦታል፤ ገንዘቡ ግን ገና ደንበኛው ኪስ ነው።» ከዚያ ወደ ታሪክ ገባ። ሉካ ፓቾሊ ስለ ዴቢትና ክሬዲት አመዘጋገብ የጻፈው በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ውስጥ ታትሞ፣ መሠረቱ እስካሁን እንዳልተሻረ አስረዳን።

የልጁ እህት ይህችን ነበር የምትጠብቀው። እሷ ስታቲስቲክስ ተምራ የባንክ ስጋት ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። «ፓቾሊ እኮ የማትስ መምህር ነበር! መጽሐፉም የማትስ መጽሐፍ ነው። የመዝገብ አያያዙ አንድ ክፍሉ ብቻ ነው» አለች። (ለሁለቱም «ሒሳብ» የምንል መሆናችን ክርክሩን አላገዘውም። ለጥቂት ደቂቃ ማን የትኛውን ሒሳብ እንደሚያወራ ጠፍቶን ነበር።)

ቀጠለች። ከማይረን ሾልስ ጋር በ1973 እ.ኤ.አ. የኦፕሽን (አክሲዮንን የመሰለ ንብረት ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት) ዋጋ ማስሊያ ቀመሩን ያወጣው ፊሸር ብላክ የመጀመሪያ ዲግሪው ፊዚክስ፣ ዶክትሬቱ አፕላይድ ማትስ ነው። «ቦንድ ምን እንደሆነ በሳምንት ትማራለህ» አለች ወደ ወንድሟ ዞራ። «ሥራ ይዘህ፣ ልጅ አሳድገህ፣ ማታ ማታ ካልኩለስ ልትጀምር ነው? ብቻህን ልትማረው የማትችለውን ነው ዩኒቨርሲቲ ሄደህ የምትማረው።»

ይህች የመጨረሻዋ አባባል አሁንም ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

ኢኮኖሚክስ ያጠናው ጓደኛችን የብድር ተንታኝ ነው። የያዘው ነጥብ አንድ ነበር፤ ጥሩ ነጥብ ግን ነው። ሾልስና ሮበርት መርተን ለዚሁ የቀመር ሥራ በ1997 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙ። በዓመቱ እነሱ አጋር የነበሩበት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው ፈንድ ተንኮታኮተ። ራሽያ ዕዳዋን አልከፍልም ስትል ገበያው ሁሉ ደነገጠ፤ ፈንዱ ደግሞ በብዙ ብድር ነበር የሚነግደው። «ቀመር የሚያውቅ ሞልቷል፤ አገርና ገበያ ሲደነግጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ነው የጠፋው» አለ። (እሱ ራሱ የሒሳብ መግለጫ ማንበብ የተማረው ከኦዲተሩ ነው። ሲነሳበት አይወድም።)

ልጁ በዚህ መሃል ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ «ታዋቂው የአክሲዮን ኢንቨስተር ፒተር ሊንች ታሪክ፣ ሳይኮሎጂና ፍልስፍና ነው የተማረው እኮ» አለ። ኦዲተሩ ሳቀበት። «በኋላ ዋርተን ገብቶ የቢዝነስ ማስተርስ መያዙንስ አላነበብክም?»

አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጁ ፋይናንስ ብሎ ጠየቀ፤ አንዳችንም ፋይናንስ ተማር አላልነውም። እኔም አልልም። የፋይናንስ ዲግሪ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ያቀምሳል፤ ብዙው በኋላ የሚገኝ ነው። ሲኤፍኤ የሚባለው ሦስት ደረጃ ያለው ፈተና አብዛኛውን ያስተምራል። የመጀመሪያውን ደረጃ ለመፈተን ደግሞ ምርቃት መጠበቅ አያስፈልግም፤ 23 ወር ሲቀርም ይቻላል።

ዋናውን ጥያቄ የጠየቀው በመጨረሻ የብድር ተንታኙ ነው። «ለመሆኑ ፋይናንስ ስትል ምን ልትሠራ ነው?» ልጁ ትንሽ ዝም አለና «አንድ ድርጅት ደህና ይሁን አይሁን ለይቶ የሚያውቅ ሰው መሆን ነው የምፈልገው» አለ። ይህን ቀድመን ብንጠይቀው ኖሮ ያን ሁሉ ባልተጯጯህን።

እኔ የምፈርደው ለኦዲተሩ ነው፤ የምፈርደው ግን በእህቱ ሚዛን ነው። ብቻህን የማትማረውን ተማር አላለችም? አካውንቲንግንም ብቻውን የሚማር ሰው ብዙም አላየሁም። መጽሐፉን ይገዙታል፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ ይተኛሉ። ለጀማሪ ተንታኞች ቃለ መጠይቅ ስቀመጥ ሁልጊዜ የምጠይቃት አለች፦ የእርጅና ቅናሽ (ንብረት ሲያረጅ በየዓመቱ እንደ ወጪ የሚመዘገበው) በ10 ቢጨምርና የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ቢሆን፣ ሦስቱ መግለጫዎች (የትርፍና ኪሳራ፣ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት፣ የሀብትና ዕዳ) ላይ ምን ይለወጣል? የተጣራ ትርፉ በ7 ይወርዳል። ጥሬ ገንዘቡ ግን በ3 ይጨምራል፤ ቅናሹ ከካዝና የሚወጣ ገንዘብ አይደለም፣ ግብሩን ግን ይቀንሳል። በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ደግሞ ንብረቱ በ10 ቀንሶ ጥሬ ገንዘቡ በ3 ሲጨምር፣ በሌላኛው ወገን ያለው የባለቤቶቹ ድርሻም በ7 ይቀንሳል። ከእኔ ጭንቅላት ይልቅ አሥር እጥፍ የሚፈጥን ጭንቅላት ያላቸው የማትስ ምሩቃን እዚህች ላይ ሲደነቃቀፉ አይቻለሁ።

ልጁ አክቹዋሪ (የኢንሹራንስ ስጋት በቁጥር የሚያሰላ ባለሙያ) ልሁን ወይም ኦፕሽን ልተምን ቢል ኖሮ ግን እህቱን ስማ እለው ነበር። እዚያ ቤት ያለ ማትስ ደጃፉንም አይረግጥም። አሁንም ቢሆን የምርጫ ኮርሶቹን በሙሉ ስታቲስቲክስና ፕሮባቢሊቲ ላይ እንዲያውላቸው ነግሬዋለሁ።

ቅጹ ላይ «አካውንቲንግ» ብሎ በእርሳስ ጻፈ። እህቱ አየችውና «በሁለተኛ ዓመትህ ስታቲስቲክስ ኮርስ ላይ ሪግሬሽን አስረጂኝ ብለህ እንዳትደውልልኝ» አለችው። ይደውልላታል።